ከነጋሼ የተሸጠ ቤት

እናቴ ሰው የምታውቀው በልኩ ነው። ስም ይጠፋባታል፤ መልክ ይምታታባታል፤ የአንገትና የትከሻ ልክ ግን አይረሳትም። መንገድ ላይ ሰላም ያላትን ሰው «ማን ነው?» ብለን ስንጠይቃት፣ «ግራ ትከሻው ዝቅ የሚለው ነዋ!» ትለናለች፤ ማወቅ ነበረብን በሚል ድምፅ።

አባቴንም ያገኘችው እንደዚሁ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ሆኖ የተቀጠረ ሰሞን የደንብ ልብሱን ሊያስጠብብ መጣ። «እጅዎን ከፍ ያድርጉ» አለችው። ከፍ አደረገ። ለክታ ጨረሰች፤ ሌላ ደንበኛ መጣባትና ወደዚያ ዞረች፤ እሱን ረሳችው። ስትመለስ እጁን እንደዘረጋ ቆሞ አገኘችው። «ለምን አላወረዱም?» ስትለው፣ «አውርድ አልተባልኩማ» አላት። እሺ ባይነቱን የወደደችለት ያን ጊዜ ነው። ያማረራት ደግሞ ከዚያ በኋላ ባለው ዕድሜዋ ሁሉ።

ልብስ ስፌት ሙያዋ ይሁን እንጂ የሥራ ቦታ ኖሯት አያውቅም። በተከራየንበት ቤት ውስጥ የስፌት መኪናዋ የቆመችው በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መካከል ነበር። ወንበር ስለማይገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። ምሳ ሲደርስ መኪናዋ ከነክዳኗ ጠረጴዛ ትሆናለች። ሩዝ ውስጥ ክር ማግኘት ለምደን ነበር፤ ነገር ግን አንድ ደንበኛ ከተሰፋለት ሱሪ ኪስ ውስጥ የተቀቀለ ድንች አውጥቶ ሲያሳያት እናቴ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች።

ስለዚህ ወላጆቼ ቤት ሊገዙ ሲዞሩ እናቴ ሳሎን አላየችም፤ መታጠቢያ ቤት አላየችም። ይህን ቤት ያየች ቀን ቀጥ ብላ ወደ ጓሮ ሄደች። እዚያ፣ ከረጅሙ ሣር መካከል፣ ብቻዋን የቆመች አንዲት ክፍል አለች። መስኮቷ ከፍ ያለ ነው። እናቴ ለተቆለፈው በር ጀርባዋን ሰጥታ፣ መኪና እንደምትነዳ ሰው እጆቿን ዘርግታ ትንሽ አሰበችና፣ «ብርሃኑ ከግራ ነው የሚገባው» አለች። በግራ የሚገባ ብርሃን መርፌው ላይ የእጅ ጥላ አይጥልም። ቤቱ በዚያች ቅጽበት ተገዛ ማለት ይቻላል።

ወደ ቤቱ ልንገባ ስንል አንድ ትልቅ ነገርም ገጥሟት ነበር። አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን የደንብ ልብስ ሊሰጣት ፈልጓል። የንብረት ኃላፊዋ ግን በስልክ ቁርጡን ነግራታለች፦ «አልጋ ላይ የተሰፋ ልብስ ልጆቼ አይለብሱም። ቅዳሜ መጥቼ የሥራ ቦታሽን አያለሁ። ካለ አለ፤ ከሌለ የለም።»

«አለ» አለች እናቴ። ስለ ሥራ ቦታዋ ያን ቃል ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

የገባን ቀን፣ ዕቃችን ገና ከጭነት መኪናው ሳይወርድ፣ ቤቱን የሸጡልን አሮጊት ቁልፉን ሊያስረክቡን ቆመው ጠበቁን። እናቴ ቁልፎቹን ተቀብላ እየሳቀች፣ «ዕድሜ ልኬን ቁልፍ ስተክል ኖሬ በር የሚከፍት ቁልፍ ዛሬ ገና አገኘሁ!» አለች። አሮጊቷም ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ከበድ አለና ወደ አባቴ ዞሩ።

«እንግዲህ ቤቱ ከነጋሼ ነው፤ አደራ» አሉ። «ይዣቸው እንዳልሄድ ልጄ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ደረጃ አይችሉም። ጓሮ ያለችው ክፍል የሳቸው ናት። ሰው አያስቸግሩም፤ ቅጠላ ቅጠል ካገኙ በቃቸው። በሩን አትነካኩባቸው፤ እሳቸው የሚገቡበትን ያውቃሉ።»

እናቴ ቁልፎቹን እንደያዘች ወደ ጓሮው ዞረች። አባቴ ያን ጊዜ አንድ ትከሻው ላይ ፍራሽ ተሸክሟል፤ አሮጊት ደግሞ እያናገሩት ነው። አባቴ ለአሮጊት ከፌርማታ ውጪ አውቶቡስ የሚያቆም ሰው ነው።

«ምን ችግር አለው እማማ!» አለ ከፍራሹ ሥር። «እንደ አባታችን ነው የምናያቸው!»

«ተባረክ» አሉና ሄዱ።

እናቴ አሮጊቷ ከዓይኗ እስኪሰወሩ ታገሰች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤት ነው የገዛኸው ሽማግሌ?»

«ምን ልበላቸው? ይዘዋቸው ይሂዱ ልበል? ደረጃ አይችሉም እኮ ተባለ።»

«ክፍሌስ?»

አባቴ ፍራሹን ወዲያ ወዲህ አደረገው።

ከእኛ ጋር የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ትኖራለች። በቤት ውስጥ «ምክትል» እንላታለን፤ ማንም የሚሠራውን ሁሉ ቆማ ስለምታዝዝ። ነገሩን ለማጣራት የተነሳችው እሷ ናት። ቀሚሷን ሰብስባ በሣሩ መካከል እስከ ክፍሏ በር ሄደች፤ አጎንብሳ በቁልፉ ቀዳዳ አጮለቀች፤ እየሮጠች ተመለሰች።

«አሉ! ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፣ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል።»

«ምን ያደርጋሉ?» አለ አባቴ።

«ምን ያደርጋሉ ትላለህ? አኩርፈዋላ! ከነቤታቸው ሲሸጧቸው ጊዜ!»

ተራ በተራ አየን። እውነቷን ነበር። ጨለም ባለው ክፍል ውስጥ ረጅም ካፖርትና ባርኔጣ ጀርባ ሰጥቶን ቆሟል። እናቴ ከሁላችንም በላይ ቆይታ አየች። ቀና ስትል ግንባሯ ተቋጥሯል።

«እንዲህ እኩል የሆነ ትከሻ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም» አለች።

«የድሮ ሰው ናቸዋ!» አለች ምክትል።

አባቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ በሩን በጣቱ አንኳኳ። «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?»

ከውስጥ፣ ከበሩ ታችኛው ክፍል፣ ጓ… ጓ… የሚል ድምፅ መለሰልን።

«በእግራቸው ነው የሚመልሱት» አለ አባቴ በሹክሹክታ። «በጣም ተቀይመዋል።»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ኑሯችን ሁሉ የጋሼን ኩርፊያ ማብረድ ሆነ። ጠዋት ጠዋት እናቴ በሩ ላይ ዳቦ፣ ሻይና ጎመን ታስቀምጣለች። ስንመለስ ጎመኑ የለም፤ ዳቦው የለም፤ ሻዩ እንዳለ ነው። አክስቴ በየሰዓቱ አጮልቃ መግለጫ ትሰጠናለች፦ «አሁንም እንደቆሙ ናቸው።» «አልተቀመጡም።» «በዚህ ዕድሜ! እኔ ለሰልፍ እንኳ ይህን ያህል አልቆምም።» አንድ ቀን ወደ እኔ ዞራ፣ «አንተ ያን ሁሉ መጽሐፍ ታነባለህ፤ ስላኮረፈ ሽማግሌ የተጻፈ የለም?» አለችኝ። ያነበብኳቸው ሽማግሌዎች ቢያንስ ቁጭ ይሉ ነበር።

ጓሮውም ቢሆን ሰላም አልሰጠንም። እንቁራሪቶቹ ከቧንቧው ሥር ባለው እርጥበት ሰፍረዋል፤ አክስቴ ባልዲ ባነሳች ቁጥር አንዱ ይዘልና ባልዲው ወዲያ፣ እሷ ወዲህ ይሆናሉ። አጥሩ ላይ እንሽላሊቶች ፀሐይ ይጠብቃሉ፤ ፀሐይ ግን ያን ሰሞን አልወጣችም። ከዛፉ ላይ ደግሞ አንድ ቁራ ይኖራል፤ የሚያብረቀርቅ ነገር አይምርም። ዳቦውን የሚበላው እሱ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅነው። አንድ ጠዋት እናቴ ደጅ ላይ ቁጭ ብላ ስትሰፋ፣ «ቁራው ቁልፌን ወሰደው!» ብላ ጮኸች። አባቴ የቤቱ ቁልፍ መስሎት ከነጫማው ዛፉ ላይ ወጣ፤ ሸሚዙ ተቀደደ፤ ጎኑ ተላጠ፤ ጎጆው ጋ ደርሶ እጁን ከትቶ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ይዞ ወረደ። እናቴ ቁልፏን ተቀብላ እዚያው የተቀደደው ሸሚዙ ላይ ተከለችለት።

በዚህ ሁሉ መካከል ጓሮው ውስጥ አክስቴን ያስደሰታት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድንጋይ። ከቧንቧው አጠገብ ያለ ክብ፣ መሐሉ ከፍ ያለ፣ እግር እየታጠቡ ለመቀመጥ የተሠራ የሚመስል ድንጋይ። በገባን ማግስት ተቀምጣበት «ይኸ ለኔ ነው» አለች። በማግስቱ ግን ድንጋዩ የለም።

«ድንጋዬን ማን ወሰደው?»

«ድንጋይ ማን ይሰርቃል እትዬ?» አለ አባቴ።

«እሱን ነው የምጠይቅህ!»

ሐሙስ ዕለት የእናቴ ትዕግሥት አለቀ። ቅዳሜ ደርሷል። መኪናዋ ሳሎን ውስጥ ከነጨርቅ ክምሩ ተገትራለች። ሽማግሌ አስወጥታ መሥራት አልሆነላትም፤ ክፍል የለኝም ብላ ሥራውን መልቀቅም አልሆነላትም። ለአሮጊቷ ደወለች። ሁላችንም ስልኩ ላይ ጆሯችንን ደቀንን።

«እማማ፣ ጋሼ አልወጣ አሉ እኮ።»

«ደመናው ነው ልጄ። ፀሐይ ሲያዩ ብቅ ይላሉ። ይበላሉ አይደል?»

«ጎመኑን ጥርግ አድርገው ይበላሉ። ሻዩን ግን…»

«ሻይ! ሻይ ምን ያደርግላቸዋል? ውሃ በሰፊ ሳሕን አድርጊላቸው፤ ገብተው ይቆሙበታል።»

እናቴ ስልኩን በእጇ ከድና፣ «ሳሕን ውስጥ ይቆማሉ» አለችን።

«እግራቸውን ሊታጠቡ ነዋ» አለ አባቴ። «መቆም እንደሆነ ልማዳቸው ነው።»

«ዳቦ ደግሞ አትስጫቸው» አሉ አሮጊቷ። «ጥርስ የላቸውም። ግን ተጠንቀቁ፤ ይነክሳሉ።»

«ይነክሳሉ?»

«ሲከፋቸው ነው። ዕድሜ ነው፤ የባለቤቴ አያት ናቸው ያመጧቸው፤ ያን ጊዜም ትልቅ ነበሩ።»

አባቴ በጣቶቹ ሊያሰላ ሞከረ። ጣት አነሰው። አክስቴ ስልኩን ነጠቀቻት። «ሚስትስ? ሚስት የላቸውም?»

«አንድ ጊዜ አምጥተንላቸው ነበር። በጭንቅላታቸው ገፍተው ገፍተው ከአጥር አስወጧት።»

አክስቴ ስልኩን መለሰች። ያን ቀን ጠዋት ያሰረችውን አዲስ ሻሽም ቀስ ብላ ፈታችው።

«ሌላው» አሉ አሮጊቷ፣ «አንዳንዴ በጀርባቸው ይወድቃሉ። ካያችሁ ቀና አድርጓቸው፤ ራሳቸውን ማንሳት አይችሉም።»

ይቺ የእናቴን አንጀት በላችው። ስለ ክፍሉ ሊጠይቅ የተከፈተው አፏ ሌላ ነገር ተናገረ። «እማማ፣ ሸሚዝ ልሰፋላቸው እያሰብኩ ነበር።»

በወዲያኛው ጫፍ ሳቅ ተሰማ፤ የደስታ ሳቅ። «አንቺ ልጅ፣ ይህን ደግነት ከየት አመጣሽው? ብርድ እኮ አይወዱም!»

«ልካቸውን ይንገሩኛ።»

«ወገቡን ሰፋ አድርጊው፤ በጣም ሰፋ። እጃቸው አጭር ነው። ጀርባቸው ጎባጣ ነው። አንገታቸው ሲያወጡት ግን ረጅም ነው፤ ኮሌታው እንዳያንቃቸው።»

እናቴ ስልኩን ዘጋች። በቀዳዳው ያየችው ትከሻ ቀጥ ያለ ነበር፤ ጎባጣ አልነበረም። «ካፖርት ስንቱን ይሸፍናል» አለች በመጨረሻ፤ መቀሷንም አነሳች።

ዓርብ ማታ ሸሚዙ አለቀ። አባቴ ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ ያዘው፤ ወገቡ አልበቃውም።

«ይኸ ሸሚዝ ነው ድንኳን?»

«ልካቸው ነው» አለች እናቴ። የተረፋትን ጨርቅ ሁሉ ጨርሳበታለች፤ ኮሌታውን ግን እንደ ሙሽራ ልብስ ነበር የሰፋችው።

ቅዳሜ ፀሐይ ወጣች። እንሽላሊቶቹ አጥሩን ሞልተውታል። ኃላፊዋ ከመምጣቷ በፊት ይቅርታ ጠይቀን፣ ሸሚዙን ሰጥተን፣ ክፍሏን ከእናቴ ጋር እንዲካፈሉ ልንለምናቸው ተሰልፈን ወጣን። ከፊት አባቴ፤ ቀጥሎ እናቴ ሸሚዙን በሁለት እጇ ታቅፋ፤ ከኋላ እኔ። አክስቴ መንገድ ላይ ቀረች።

«ድንጋዬ ተመለሰ!» አለች። በሩ ጋ ሣሩ መሐል ነበር። «ጋሼ ናቸው የመለሱልኝ። ለስልሰዋል ማለት ነው።» ቁጭ አለችበት።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። «ጋሼ፣ ልጆችዎ ነን። አጥፍተን ከሆነ…» ምን እንዳጠፋን ስለማያውቅ እዚያ ላይ ቆመ። «ብቻ ይቅር ይበሉን።»

አንኳኳ። እንደወትሮው ጓ ጓ የሚል ነገር አልተሰማም። እናቴ ወደ በሩ ተጠጋች። «ወድቀው ቢሆንስ? ራሳቸውን አያነሱም እኮ!» ሳምንቱን ሙሉ በኪሷ የዞረውን ቁልፍ አወጣችና በሩን ከፈተችው።

ቆመዋል፤ ፊታቸውን አዙረው። አባቴ ቀስ ብሎ ገባ፤ ተጠጋ፤ «አባባ…» ብሎ ትከሻቸውን ነካቸው። ትከሻቸው ከሚስማሩ ላይ ወለቀ። ባርኔጣው ተንከባለለ፤ ካፖርቱ በሙሉ አባቴ ላይ ተደፋበት።

«ገደልኳቸው!» ብሎ ጮኸ አባቴ፤ ካፖርቱን እንዳቀፈ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። «ውስጣቸው ምንም የለም! የልብስ መስቀያ ብቻ ነው ያለው!»

ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ የአክስቴን ድምፅ የሰማሁት። ጩኸት አልነበረም፤ ከጩኸት በፊት ያለው ነገር ነበር።

«ድንጋዩ…» አለች። «ድንጋዩ እየሄደ ነው።»

ዞርን። ድንጋዩ አራት እግር አውጥቷል። ከፊቱ በኩል ረጅም፣ የተሸበሸበ አንገትና ጥርስ የሌለው አፍ ብቅ ብሏል። ምክትል ጉልበቷን ታቅፋ ተቀምጣበት፣ ጋሼ በጣም በቀስታ፣ አንድም ሰው ሳያዩ፣ ወደ ጎመኑ ይዘዋት እየሄዱ ነበር።

ኤሊ ናቸው። «እሳቸው» ስንባል ሁላችንም ቀና ብለን ነበር የፈለግናቸው፤ ወደ ታች ያየ አልነበረም።

«የልብስ ሰፊዋ ቤት እዚህ ነው?» አለ ድምፅ።

የንብረት ኃላፊዋ ናት። የውጭውን በር ክፍት አግኝታ ገብታለች። እኔ እሷን ብሆን ምን አይ እንደነበር አስቤዋለሁ፦ ካፖርት አቅፎ የሚያለቅስ ሹፌር፣ ኤሊ የምትጋልብ ሴት፣ ድንኳን የምታህል ሸሚዝ የታቀፈች ልብስ ሰፊ።

እናቴ እንደ ጨው ሟሟች። ኃላፊዋ ግን ዓይኗ ሸሚዙ ላይ ነበር። ጠጋ ብላ ኮሌታውን ገለበጠችና ስፌቱን በጥፍሯ መረመረችው።

«ይህን ኮሌታ ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ።»

«ለማን?»

እናቴ በአገጯ አመለከተች። «ለጋሼ። ልካቸውን በስልክ ነው የወሰድኩት። ሰው መስለውኝ።»

እናቴ፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ የሰፋችውን ሳታስለካ ማስቀመጥ አትችልምና ሄዳ ጋሼ ፊት ተንበረከከች። «ይፍቀዱልኝ» ብላ አክስቴን አስነሳቻት፤ ሸሚዙን አለበሰቻቸው። ወገቡ ልክ ነው። የጀርባው ጉብታ ልክ ነው። ሁለቱ አጫጭር እጆች ከእጅጌው ወጡ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና አንገታቸውን አወጡ፤ ኮሌታው አላነቃቸውም።

ኃላፊዋ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች፤ ዓይኗን ጠርጋ እንደገና ሳቀች።

«ስሚ» አለች ሲወጣላት። «ልጆቼ ሲለኩ አይቆሙም። አንዱን ስንለካ አንዱ አጥር ዘሎ ይጠፋል። ሳታይ ልክ የምትሰፋ ሰው ነው የጠፋችብኝ።» ከዚያ በክፍሏ በር አንገቷን አስገባች። «የሥራ ቦታሽ ይቺ ናት?»

አባቴ ከወለሉ ላይ «አዎ!» አለ። እናቴ ግን ጋሼን አየቻቸው።

«የሳቸው ናት» አለች። «አደራ ተብለናል። ከፈቀዱልኝ ግን ሁለታችንንም ትበቃናለች።»

ኃላፊዋ ጎመኑን የሚያኝኩትን ጋሼን አየች። «የተቃወሙ አይመስሉም» አለች። ሰኞ ጨርቁን በመኪና አስጫነችልን።

አሁን መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ናት፤ ብርሃኑ ከግራ ይገባል። ጋሼ በኋለኛው ግድግዳ ሥር ባለች ቀዳዳቸው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ፔዳሉ አጠገብ መተኛት ይወዳሉ። እናቴ አስቸኳይ ሥራ በያዘችበት ሰዓት እንኳ «ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» ትላቸዋለች፤ «ፈቀቅ በል» ማለት ከአፏ አልወጣም። የአባቴ ሰላምታም አልቀረም፤ ከሥራ ሲመለስ በሩን ያንኳኳል፤ ከታች ጓ ጓ ይባልለታል። አክስቴ እግሯን ልትታጠብ ስትወጣ ከጎናቸው ቆማ፣ «እንደው ለአፍታ ብቀመጥ?» ብላ ትጠይቃለች። አንገታቸውን ከሰበሰቡ እሺ ማለት ነው፤ እፍ ካሉ ቆማ ትታጠባለች።

ባለፈው አሮጊቷ ደወሉ።

«ሸሚዙ ልክ ሆነላቸው ልጄ?»

«ልክ ነው እማማ። አንድ እጅጌው ብቻ ነው የጎደለው።»

«ጠበባቸው?»

«ኧረ በሉት።»

«አይ ጋሼ!» አሉ አሮጊቷ፤ እንደናፈቁ ያስታውቅባቸው ነበር። «ከወደዱት ነው የሚበሉት።»

እናቴ ስልኩን ዘግታ ወደ ፔዳሉ ሥር አየች። ከዚያ ሁለተኛውን ሸሚዝ ቆረጠችላቸው፤ አረንጓዴ።